ዘይቱ የሚቀየረው በማን ሳምንት ነው?

እሑድ ማታ፤ የእኔ ሳምንት ዋዜማ

ባለቤቴ ዛሬ ይህን ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። «ስለ ወንድምህና ስለዚያች መኪና የምትነግረኝን ሁሉ እዚህ ላይ ጻፈው፤ እኔ ሰምቼ ጨርሻለሁ» አለች። ስጦታ ስጦታ ነውና አመስግኜ ተቀበልኩ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር። አባታችን ካረፈ መንፈቅ ሊሞላው ነው። አሮጌ መኪናውን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ በጋራ ትቶልናል። አንድ ሳምንት እሱ፣ አንድ ሳምንት እኔ እንነዳታለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ እማዬ ግቢ ተገናኝተን ቁልፍ እንቀባበላለን። እማዬን ሐኪም ቤትም ሆነ ገበያ የሚያደርሳት ባለ ሳምንቱ ነው፤ የዓይን ሞራ ስለያዛት ብቻዋን አትወጣም። አሠራሩ እንከን የለውም። እንከኑ ወንድሜ ነው።

ዛሬ ሲያስረክበኝ የኋላው ወንበር የስፖንጅ ፍርፋሪ ለብሷል። ፍራሽ ሻጭ ነው፤ ናሙናውን ጭኖ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ይውላል። ስለ ፍርፋሪው አንድ ቃል አልተናገርኩም። በጨዋ ደንብ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዘይቱን መቼ ልትቀይረው አሰብክ?»

«ልትቀይረው?» አለ። «ልንቀይረው ማለትህ ነው?»

«አባዬ በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ነበር የሚቀይረው። አንተ ደግሞ የእኔን እጥፍ ነው የምትነዳው። ስለዚህ አምስት ሺው የሚሞላው በአንተ እጅ ነው።»

«አምስት ሺህ የድሮ ነው፣ ጋሼ። የዘንድሮ ዘይት አስር ሺህ ይሄዳል። ጣሳው ላይ ተጽፏል።»

«የትኛው ጣሳ ላይ?»

«ጣሳ ላይ ነዋ!»

አሁን ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ጣሳ ላይ የተጻፈበት ዓይነት አይደለም። አባዬ ለመጨረሻ ጊዜ በገዛ እጁ የቀየረው ነው፤ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ካርቶን አንጥፎ፣ መኪናዋ ሥር ተኝቶ እያፏጨ። ይህ ግን ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም። የዘይት ዋጋም አይደለም ያጨቃጨቀን። የመርህ ጉዳይ ነው።

ማክሰኞ፤ የእኔ ሳምንት

ከሥራ ስወጣ መካኒካችን ጋ ጎራ አልኩ። ሰፈሩ ሁሉ «አይዞህ» ነው የሚለው። መኪናው እየጨሰም ይምጣ፣ ተጎትቶም ይምጣ፣ ከአፉ መጀመሪያ የምትወጣው ቃል እሷ ናት።

«የሞተር ዘይት በየስንት ጊዜው ነው የሚቀየረው?» አልኩት።

«ማን ነው የጠየቀው?»

«እኔ ነኛ።»

«አባትህ ሲጠይቁኝ አምስት ሺህ እላቸው ነበር። ወንድምህ ባለፈው ሲጠይቀኝ አስር ሺህም ይሄዳል አልኩት። አንተ ስንት እንድልህ ነው የምትፈልገው?»

«እውነቱን!»

ጭንቅላቱን አከከ። «እውነቱማ እንደ ዘይቱ ዓይነት ነው፤ እንደ ሞተሩም ዕድሜ። አቧራና የከተማ ቆም ሄድ ሲበዛ ቶሎ ነው። ቆይ እስቲ ልያት።» ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን መዘዘው። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ጥቁር ነገር ከታችኛው ምልክት በታች ነበር። «ሞተሯ አርጅታ ትጠጣለች። በመቀየሩ ብትጣሉም፣ ቢያንስ ጨምሩባት» አለ።

እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር። ከዚያ ሳስበው፣ ዛሬ ከጨመርኩ ነገ «ጀምረኸው የለ፣ ጨርሰዋ!» መባሌ ነው። አንድ ጊዜ ኃላፊነት የተቀበለ ሰው መውጫ የለውም፤ ይህን በመሥሪያ ቤቴ በደንብ ተምሬያለሁ። «ለሚመለከተው አሳውቃለሁ» አልኩት።

«አይዞህ» አለኝ።

ወንድሜ ጋ አልደወልኩም። እሱም መለኪያውን መምዘዝ የሚያቅተው ሰው አይደለም።

ሐሙስ

ቢሮ። ጥድፊያ። በውኃ አገልግሎት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል ምክትል ሆኖ መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዲት ሴትዮ ቧንቧዬ ደረቀ ብላ መጣች። ጉዳዩ የሚመለከተው የጥገና ክፍልን መሆኑን አስረዳኋት። «ከጥገና ነው የላኩኝ» አለች። ተመልሳ እንድትሄድ በትሕትና ነገርኳት። እያለቀሰች ወጣች። ሰው ሥርዓት አይገባውም።

ረቡዕ፤ የእሱ ሳምንት

ባለቤቴና የወንድሜ ሚስት በየቀኑ ይደዋወላሉ። እኔና እሱ በተኳረፍን ቁጥር እነሱ ይዋደዳሉ። ዛሬ ጫማዬን ሳወልቅ ከጓዳ ሰማኋት።

«ያንቺውስ?... የእኔውማ እራቱን ትቶ ስለ ዘይት ነው የሚያወራው... አይ፣ እኔ የሚመስለኝ ሌላ ነው። አባታቸው መጥቶ እስኪቀይርላቸው እየጠበቁ ነው የሚመስለኝ... አዎ፣ ሁለቱም። ያንን ዘይት ማፍሰስ አልቻሉም።»

ሴቶች ነገር ማወሳሰብ ሲወዱ! ጉዳዩ የኪሎ ሜትር ነው። ቀላል ሂሳብ።

እራት አልበላሁም። አልራበኝም።

ቅዳሜ፤ የእኔ ሳምንት መጨረሻ

አክስታችን፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ ዛሬ ሁላችንንም እማዬ ቤት ሰበሰበችን። ነጥቦቼን በወረቀት አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ወንድሜ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። ሰው ባዶ እጁን ሲመጣ በተዘጋጀ ሰው መሳቁ ልማድ ነው።

«የምን ዘይት ነው ደግሞ? የምግብ ነው?» አለች አክስቴ።

«የሞተር ነው።»

«እና በሞተር ነው ወንድማማቾች ሰላምታ የተነፋፈጋችሁት?»

ወንድሜ ስለ ጣሳው ተናገረ። እኔ ስለ አባታችን ደንብ ተናገርኩ። እማዬ ሻይ ልትቀዳልን ማንቆርቆሪያውን አነሳች፤ ሻዩ ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። «ውይ፣ ብርጭቆው ሸሸኝ» ብላ ሳቀች። ባለቤቴና የወንድሜ ሚስት ተያዩ፤ አንዷ ጨርቅ ልታመጣ ተነሳች። እኔ በዚያች ሰዓት በጉዞ ርቀትና በዘይት ዕድሜ መካከል ስላለው ግንኙነት እያብራራሁ ስለነበር አላቋረጥኩም።

በመጨረሻ ተወሰነ። የአባዬ አምስት ሺህ ይጸናል፤ አምስት ሺው በማን ሳምንት ከሞላ ያው ሰው ይቀይራል። ለመሙላት የቀረው በእኔ አነዳድ የአራት ቀን መንገድ ነው፤ በወንድሜ አነዳድ ደግሞ የሁለት ቀን። ከነገ ጀምሮ ተራው የእሱ ነው። ድል ነው! ፊቴ ላይ ግን እንዲታይ አላደረግኩም።

አክስቴ ስትወጣ በር ላይ ቆመችና፣ «የዓይኗ ቀዶ ጥገና ሐሙስ ነው፤ የሚመጣው ሳይሆን የቀጣዩ ወር መጨረሻ። ያን ዕለት መኪና የለም ብላችሁ እንዳትቆሙ!» አለች።

ምን ነካት? መኪና እያለን።

እሑድ

ከስብሰባው ማግስት የጀመረውን የእሱን ሳምንት ሙሉ ወንድሜ ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ቤቱ ተኝቷል። ፍራሹን በጋሪ ነው አሉ ያደረሰው። መኪናዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ቁልፉን ሲሰጠኝ ቆጣሪውን አየሁት፤ አምስት ሺው አፍንጫዬ ሥር ነው። ቢሮ ስመላለስ፣ ቢበዛ ሐሙስ፣ ይሞላል።

«ተሻለህ?» አልኩት።

«እግዜር ይመስገን፣ ዛሬ ጠዋት ለቀቀኝ» አለ። ድምፁ ላይ ጉንፋን የሚባል ነገር አልነበረም።

ሰኞ፤ የእኔ ሳምንት

በአውቶቡስ ሄድኩ። መራመድ ለጤና ይጠቅማል።

ማክሰኞ

በአውቶቡስ። ዝናብ። ጫማዬ ውኃ ገባው። መኪናዋን በመስኮት አየኋት፤ በደንብ ቆማለች።

አርብ

ስለ ዘይት ጉዳይ ብዙ አነበብኩ። ያለ አድልዎ ካየነው የአስር ሺው አስተያየት ችላ ሊባል አይገባም። ቴክኖሎጂ ይሻሻላል፤ ሰው አባቱ ባለበት አይቆምም። ይህንኑ ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። እሱ ደግሞ በተራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባዬ በየአምስት ሺው ነበር የሚቀይረው፤ የአባትን ቃል መሻር ይከብዳል» አለኝ።

የሰው ልጅ እንደሚመቸው እንዴት ይገለባበጣል!

ዛሬ እማዬ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚደረግ የደም ምርመራ ነበራት። ረስቼው አይደለም። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው በእግራቸው ክንዷን ይዘው ወሰዷት። ለእሳቸውም ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የሚውሉት።

እሑድ

ዛሬ የእሱ ሳምንት አለቀ። እሱም በአውቶቡስ ነው የሰነበተው። ማክሰኞ ፌርማታ ላይ ተገናኝተን ነበር፤ እሱ ነጠላ ፍራሽ ተሸክሞ፣ እኔ ጃንጥላ ይዤ። «እንደምን ዋልክ?» «ደህና።» በተለያየ በር ገባን።

እሑድ፤ የእኔ ሳምንት መጨረሻ

ዛሬ ግዴታ ሆነብኝ። እማዬ ለሐኪም ቤት የሚሆናት የሌሊት ልብስና ነጠላ ጫማ መግዛት ነበረባት፤ አክስቴ ደግሞ ደውላ ጮኸችብኝ። ቆጣሪውን አስልቼ፣ ደርሶ መልሱ አምስት ሺውን ሳይነካ እንደሚያበቃ አረጋግጬ ነው የተነሳሁት።

እማዬ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስለ አባዬ አወራች፤ ከገበያ ሲመለሱ እዚህ ዳገት ላይ ሁልጊዜ ማርሽ ሲቀይር መሪውን መታ መታ ያደርገው እንደነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። በራዲዮ ጥሩ ሙዚቃ ስለነበር ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

አሮጌ መኪና ዳሽቦርዱ ላይ ብዙ መብራት አለው። እያንዳንዱን ልብ ማለት አይቻልም።

ከሰዓት ቁልፉን ለወንድሜ አስረከብኩ። መኪናዋን አሳጥቤ ነበር። «ምነው ደግሞ?» አለኝ፤ በጥርጣሬ አየኝ። «ለእማዬ ብዬ ነው፤ ሐሙስ ንጹሕ መኪና ውስጥ ትሂድ» አልኩት። እቅፍ አድርጌም ተሰናበትኩት። ለምን እንዳቀፍኩት አላውቅም።

ማክሰኞ፤ የእሱ ሳምንት

ልደውልለት ስልኩን ሁለቴ አነሳሁ። ሥራ በዛ።

ረቡዕ

እሱም መብራት ማየት ይችላል። ዓይን አለው።

ሐሙስ

ስልኩ ሲጮህ ስብሰባ ላይ ነበርኩ።

«ቆመች» አለኝ ወንድሜ።

«ምኗ?»

«ሞተሯ። ዳገቱ ላይ። ጓ አለችና ዝም አለች። ቁልፍ ባዞር ንቅንቅ አትልም።»

መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ እማዬ ነው። እዚህ ላይ በትክክል ልጻፍ፦ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ቆጣሪው ስንት ላይ ነው?» ብዬ ነው። እማዬን ቀጥዬ ጠየቅኩ።

«መኪና ውስጥ ናት። ዝናቡ ይወርዳል። ታክሲ የሚባል የለም» አለ። ድምፁ እንደ ልጅነቱ ሆነብኝ።

ስደርስ እሱ ባዶ ራሱን ዝናብ ላይ ቆሞ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ እጁን ያውለበልባል። እማዬ የፊት ወንበር ላይ፣ አዲሱን የሌሊት ልብስ የያዘውን ቦርሳ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሰላም ስላት ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። «አንተም መጣህ? ሥራህስ?» አለች።

ታክሲ ስናገኝ ሰዓቱ አልፎ ነበር። ሐኪም ቤቱ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ መዝገቧን አየችና፣ «ተራችሁ ለሌላ ተሰጥቷል። አዲስ ቀጠሮ የሚመለከተው ቁጥር አራትን ነው» አለች። ቁጥር አራት ወደ እሷ መለሰን።

«ከቁጥር አራት ነው የላኩን!» አልኩ።

«ተመልሳችሁ ሂዱ» አለችኝ፤ በትሕትና።

ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል? አንዲት ማየት የተሳናት እናት ይዘን! ድምፄን ከፍ አድርጌ ሥርዓት ስለሚባል ነገር ተናገርኩ። ከኋላዬ ያሉት ተሰላፊዎች ዝም እንድል ለመኑኝ። የተሰጠን ቀጠሮ ለመጪው ዓመት ነው።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ እማዬን መሃል አድርገናት ተቀመጥን። ወሬ የጀመረችው እሷ ናት።

«ያቺ ቀይ መብራት ናት ያቆመቻት?»

«የትኛዋ ቀይ መብራት?» አለ ወንድሜ።

«እሑድ ከወንድምህ ጋ ስንሄድ ስትበራ የነበረችው። እኔ ሌላው ሁሉ ጉም ነው የሚመስለኝ። እሷ ግን እንደ ፍም ቁልጭ ብላ ታየችኝ። ምንድን ናት ብዬ ብጠይቀው ራዲዮኑን ከፍ አደረገው።»

ወንድሜ አየኝ። እኔ የታክሲውን መስኮት አየሁ።

«ዛሬ ግን አልነበረችም» አለች ቀጥላ። «ተሽሏታል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አሁን ደግሞ ወንድሜ በራሱ በኩል መስኮት አየ።

አርብ

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። አይዞህ ኮፈኑን ከፈተ፤ መለኪያውን መዘዘ፤ ጨርቅ ላይ ጠረገው፤ ደግሞ መዘዘው። ከዚያ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠና ዳሽቦርዱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ይሄን ፕላስተር ማን ነው የለጠፈው?»

ልክ የዘይቱ መብራት ላይ፣ ጥፍር የምታክል ጥቁር ፕላስተር።

«ዓይኔን እየወጋኝ ነው» አለ ወንድሜ፤ ጆሮው ቀልቶ። «አሮጌ መኪና ነው፣ መብራቱ ተበላሽቶ መስሎኝ…»

በሕይወቴ እንደዚያ የተናደድኩበት ጊዜ የለም። መብራት እየበራ ፕላስተር! እናቱን ጭኖ! ሰው እንዲህ ያለ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ይሠራል? ይህን ሁሉ ነገርኩት። «አንተስ?» ብቻ ነው ያለኝ። እኔ ፕላስተር አልለጠፍኩም።

አይዞህ መኪናዋ ሥር ገብቶ ጣሳ ደቀነና የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ፈታ። ከሞተሩ የወጣው እፍኝ አይሞላም፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ እየተጎተተ ጣሳው ውስጥ ወረደ። «ሞተሩ በዘይት እጦት ነክሷል። የሚሠራ አይደለም» አለ። ጣሳውን አነሳና፣ «ልድፋው?» ብሎ ጠየቀን።

ቆመን ጣሳውን አየን። ወንድሜ አፍንጫውን ጠረገ፤ ጉንፋኑ ሳይሆን አይቀርም። አይዞህ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። የለመደውን ቃል ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ጣሳውን ቀስ አድርጎ ጥጉ ጋ አስቀምጦ ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

ረቡዕ፤ የማንም ሳምንት

መኪናዋን አይዞህ ለመለዋወጫ ወሰዳት። ወንድሜና እኔ አንነጋገርም። ባለቤቴም ብዙ አትናገርም፤ ስልክ ስታወራ ግን በሩን ትዘጋለች። አንድ ነገር አለ።

ሰኞ

ጉድ! ምሳ ሰዓት እማዬ ቤት ሄድኩ፤ በሩ ዝግ ነው። ደረጃው ላይ ወንድሜ ተቀምጧል።

«የት ሄደች?»

«እኔም አሁን ነው የመጣሁት። ልብስ ሰፊውን ብጠይቃቸው፣ ሚስቶቻችሁ ኮንትራት ታክሲ ይዘው መጥተው ወሰዷት አሉኝ።»

የሆነው እንዲህ ነው። የወንድሜ ሚስት የምታውቃት አንዲት ነርስ ሌላ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ የተሰረዘ ቀጠሮ አግኝታላቸዋለች። ለእኛ ምነው አልተነገረንም ብዬ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። «በማን ሳምንት እንደሚውል ስትከራከሩ እንዳያልፋት ብለን ነው» ብላ ዘጋችው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ትከሻ ለትከሻ ነበርን። ወንድሜ ከቦርሳው ዳቦ አውጥቶ ግማሹን ሰጠኝ።

«ማክሰኞ መብራቷን ሳያት ልደውልልህ ነበር» አለ።

«ለምን አልደወልክም?»

«ቀይርና ና ትለኛለህ ብዬ።»

እውነት ነው፤ እለው ነበር። እኔም ልደውልለት ስልክ አንስቼ እንደነበር ልነግረው ፈለግሁ። ዳቦው ደረቅ ነበር፤ አፌ ሞልቶ ቀረ።

ማምሻው ላይ እማዬ አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ፣ በሁለቱ ሴቶች መሃል መጣች። ልንደግፋት ሁለታችንም ተሽቀዳድመን ተነሳን፤ በሩ ላይ ተጋጨን። ሴቶቹ በጎናችን አሳልፈዋት ገቡ።

ሐሙስ

ዛሬ ሽፋኑ የሚነሳበት ቀን ነበር። እኔም ወንድሜም ከሥራ ፈቃድ ጠይቀን አብረናት ሄድን። ሐኪሟ ፋሻውን ስታነሳላት እማዬ ለረጅም ጊዜ ዓይኗን አርገበገበች። መጀመሪያ የሐኪሟን ጉትቻ አደነቀች። ከዚያ እኛን አየች።

«አንተ ሸብተሃል» አለችኝ። ወደ ወንድሜ ዞራ፣ «አንተ ደግሞ ሸሚዝህን ማን ነው የሚተኩስልህ?» አለች። «ራሴ» አለ። «ያስታውቃል።»

ሐኪሟ ሁለተኛው ዓይን ከሁለት ወር በኋላ እንደሚሠራ ነገረችን። ፌርማታው ላይ እንደደረስን ያንን ቀን አነሳን። እኔ በአቆጣጠራችን ቢሆን ኖሮ ቀኑ በእሱ ሳምንት ላይ ይውል እንደነበር አስረዳሁት። እሱ ባለፈው መኪናዋ የቆመችበት ሳምንት መቆጠር እንደሌለበት ተናገረ። እኔ የቆመችው በማን እጅ እንደሆነ ጠየቅኩት። እሱ የራዲዮውን ነገር አነሳ። እኔ የፕላስተሩን አነሳሁ። ድምፃችን ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩን።

«ሰባት ቁጥር ናት» አለች እማዬ።

ከመንገዱ ጫፍ አውቶቡስ እየመጣ ነበር። እኔ ቁጥሩ ገና አልታየኝም።

በሩ ሲከፈት ቦርሳዋን ከእጄ ወሰደችና፣ ብረቱን ይዛ፣ ማንም ሳይደግፋት ወጣች። እኔ «አንተ ቅደም» አልኩት፤ እሱ «አይ፣ አንተ» አለኝ። ሾፌሩ በሩን ዘጋው።

ሮጥን። አልደረስንበትም። እማዬ በመስኮት በኩል ተቀምጣ ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። አውቶቡሱ ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ ሁለታችንንም፣ አንድ ላይ፣ ጥርት አድርጋ አየችን።